ኮምፒውተራችሁ ጌም መሀል ድርግም እያለ የሚነሳባችሁ ድሬዎች፣ ሳቢያን ያለውን ልጅ አናግሩት

ሰላም የድሬ ልጆች። ዛሬ የምጽፈው አንድ ባለሙያ ለማመስገን ነው። ሳቢያን ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ወጣት ነው፤ ሱቁ ጠባብ ናት፣ ሥራው ግን አንጀት ያርሳል።

እኔና ታናሽ ወንድሜ ዕቃውን ቀስ በቀስ እየገዛን ቤት ውስጥ የገጣጠምነው ጌሚንግ ኮምፒውተር አለን። ጥሩ ሲሠራ ቆይቶ ድንገት ጌም መሀል ላይ ድርግም ብሎ ራሱ መልሶ መነሳት ጀመረ። ብሉ ስክሪን (ዊንዶውስ ሲበላሽ የሚያወጣው ሰማያዊ የስህተት ገጽ) የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ፊልም ስናይበት ወይም ስንጽፍበት ውለን ብናድር ግን ምንም አይልም። ያየው ሁሉ የየራሱን ነገረን። አንዱ የድሬ ሙቀት ነው አለ፣ ሌላው መብራቱ ስለሚዋዥቅ ስታብላይዘር ግዙ አለ፣ መጀመሪያ የወሰድንበት ቦታ ደግሞ በቅጡ እንኳ ሳያዩት ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ይቀየር አሉን። የማዘርቦርድ ዋጋ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ይሄ ልጅ ግን ኬዙን ከመክፈቱ በፊት «አቦ ቆዩ፣ ምንም እንዳትገዙ» አለን። ከዚያ ጥያቄ ነው። ሲጠፋ የቤቱ አምፖልም ብልጭ ይላል? ጌሙ ገና ሲከፈት ነው ወይስ ቆይቶ? ዊንዶውስ ችግር ሲገጥመው ራሱን እንዲያስነሳ የሚያደርገውን ምርጫ አጠፋው፤ ብሉ ስክሪን ካለ ቆሞ እንዲታይ ነው። አሁንም ጥቁር ብቻ። ኢቨንት ቪወር (ዊንዶውስ የገጠመውን የሚመዘግብበት) ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ተመዝግቧል። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ በቃ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ነው ይላል። 41 ግን የሚለው ኮምፒውተሩ በአግባቡ ሳይዘጋ ጠፍቶ መነሳቱን ብቻ ነው፣ ለምን እንደጠፋ አይናገርም። ይህን ያስረዳን እሱ ነው።

ራሙን (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ሜምቴስት 86 በሚባል መፈተሻ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ አስፈተሸው፣ ንጹሕ ነው። ሙቀት ነው ለሚለው ደግሞ ቁጥሩን አሳየን፤ የጌሙን ምስል የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ 60 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ነው የሚጠፋው፣ ሙቀት ቢሆን መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንስ ነበር። ስታብላይዘሩንም ተዉት አለን። የፓወር ሰፕላያችን ጎን ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበል ተጽፏል፣ አምፖሉም ብልጭ አላለም።

ከዚያ ቮልት የሚለካበትን መልቲሜትር አወጣ። ጥቁሩን ጫፍ የፓወር ሰፕላዩ ጥቁር ሽቦ ላይ፣ ቀዩን 12 ቮልት የሚያመጣው ቢጫ ሽቦ ላይ አድርጎ ወንድሜን ጌሙን ክፈት አለው። ሳይከፈት 12.1 ቮልት ነበር። ካርዱ ሥራ ሲበዛበት 11.6፣ 11.4፣ 11.3 እያለ ወረደ፣ ከዚያ ድርግም። በፓወር ሰፕላይ ደረጃው መሠረት ከ11.4 መውረድ የለበትም፤ ስለዚህ ጥርጣሬው ፓወር ሰፕላዩ ላይ ወደቀ። ሦስታችንም ዓይናችን የመልቲሜትሯ ስክሪን ላይ ተተክሎ ነበር፤ ወንድሜማ ጮኸ።

በዚህ ጊዜ ሌላው ቢሆን «ይኸው፣ እኔ ጋ አለ፣ ግዙ» ይል ነበር። እሱ የራሱን ፓወር ሰፕላይ ከሚሠራበት ኮምፒውተር ፈታና «ይዛችሁት ሂዱ፣ ተጫወቱበት፣ ካልጠፋ ያኔ ትገዛላችሁ» አለን። መያዣ አልጠየቀም። እኔን ልቤን የነካኝ ይሄ ነው። በዚያች ዕቃ ጌሙን እስኪበቃን ተጫወትን፣ አንዴም አልጠፋም። አዲሱን የአጎታችን ልጅ ከአዲስ አበባ ይዞልን መጣ፤ ልጁ ምንም ቅር ሳይለው ገጠመልን። ለግራፊክስ ካርዱም ሁለት ራስ ያለውን አንድ ገመድ ትቶ ሁለት የተለያዩ ገመዶች አደረገለት፣ ምክንያቱም የካርዱ አንዱ ባለ 8 ፒን መሰኪያ የተመደበለት 150 ዋት ነው፣ የኛ ካርድ ደግሞ ብዙ ስለሚበላ የሁለቱ መሰኪያ ጭነት አንድ ገመድ ላይ መውደቅ የለበትም። አሮጌውን ፓወር ሰፕላይ ወንድሜ ልክፈተው ሲል ከለከለው፤ ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኃይል ይዘው ይቆያሉ፣ ሰው ይጎዳል።

ያስከፈለን የድካሙን ብቻ ነው፣ እሱም እኛ ከጠበቅነው በጣም ያነሰ። እጅህ ይባረክ ወንድሜ። ዘርህ ይባረክ።

ስልኩ አደባባይ ላይ እንዲለጠፍ አልፈለገም። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ጠይቄው እልክለታለሁ። ቀን ላይ ሙቀቱ ሲጠና ስለሚዘጋ አመሻሽ ላይ ብትሄዱ ታገኙታላችሁ። ኬዙን ብቻ ሳይሆን የምትጠቀሙበትን የኃይል ገመድም ይዛችሁ ሂዱ፣ እሱንም ያያል።