ምርጥ የእንጀራ ምድጃ በወሎ ማድ ቤት፦ ማገዶው ቀነሰ፣ ጭሱስ?

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. የተላለፈው ውሳኔ ለከተማ አየር ትልቅ ነገር ነው። ደላንታና ዋድላ ላይ ኩበት ለምታነድ እናት ግን ቀን ከቀን የምትስበው አየር የማድ ቤቷ አየር ነው። ለዚያ አየር ከመንግሥት በኩል በእጅ የሚዳሰስ ሆኖ የመጣው ዋናው ዕቃ ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ነው። የተነደፈው በ1980ዎቹ በመንግሥት የኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን በስፋት ማዳረስን በአፋጣኝ ከሚጀመሩት አራት ሥራዎች አንዱ አድርጎታል። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ማገዶ ለመቆጠብ ይገዛ፤ ከጭስ ያድነኛል ብሎ ለሚገዛው ግን ዕቃው ገና ግማሽ ነው።

ምድጃው ከሲሚንቶና ከፑሚስ፣ ማለትም ክብደቱ ከቀለለ ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በሻጋታ ይሠራል። ፑሚስ በሌለበት አሸዋ ይተካል። ስድስት ክፍል አለው። አራቱ ተገጣጥመው ምጣዱን የሚሸከመውን ክብ ይሠራሉ፤ ሁለቱ ከኋላ በጭስ መውጫው ላይ ተቀምጠው ድስት ማስቀመጫ ይሆናሉ። የመደበኛው ግድግዳ 6 ሳንቲሜትር፣ የቀጭኑ ምርጥ ደግሞ 4 ሳንቲሜትር ውፍረት አለው። በአግባቡ ከተያዘ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ያስቀራል። ጉልቻ ላይ ነበልባሉ በሦስቱም በኩል እየሾለከ ያመልጣል፣ ነፋስም ይበትነዋል። እዚህ ግን የምጣዱን ሆድ ከዳር እስከ ዳር ልሶ ነው ወደ ኋላ የሚወጣው። ከኋላ የተጣደው ሽሮም በዚያው በሚወጣው ሙቀት ይበስላል።

ብዙ ጊዜ ለገዢ የማይነገር አንድ ነገር አለ። ግድግዳው ራሱ ሙቀት ይጠጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት እንጀራዎች ማገዶ የሚፈጁት ለዚህ ነው። አምስት እንጀራ ጋግሮ ለሚነሣ ቤት ትርፉ ትንሽ ነው፤ ሃያ ሠላሳውን ባንድ ጊዜ ለሚጋግር ቤት ግን ግድግዳው አንዴ ከጋለ በኋላ እሳቱ እየቀነሰ ይሄዳል፣ የመጨረሻዎቹም በፍሙና በግድግዳው ሙቀት ይበስላሉ። በሁለት ቀን አንዴ የሚጋግር ቤተሰብ በሦስትና በአራት ቀን አንዴ ቢያደርገው ከምድጃው የሚያገኘው ይጨምራል።

አሁን ወደ ግዢው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በፀሐይ ሳይሆን በውሃ ነው። ክፍሉ ከሻጋታ ከወጣ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ጥላ ሥር ተቀምጦ ጠዋትና ማታ ውሃ መጠጣት አለበት። ትእዛዝ ሲበዛና የማስረከቢያው ቀን ሲደርስ መጀመሪያ የሚዘለለው ይህ ሥራ ነው። መለየቱ ቀላል ነው። ሚስማር ይያዙና የግድግዳውን ጠርዝ ይጫሩት። ነጣ ያለ ቀጭን መስመር ብቻ ከተወ ደህና ነው፤ እንደ ዱቄት እየረገፈ ሚስማሩ ከገባ ሳይጠነክር የደረቀ ነውና ይተዉት። ቀጥሎ በትንሽ ጠጠር መታ መታ ያድርጉት። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ውስጡ የተሰነጠቀው ድፍን ያለ። ስድስቱንም ሻጩ ደጅ ላይ ያስገጣጥሙ፤ በመጋጠሚያው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ሻጋታው ተጣሟል ማለት ነው።

ምጣዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ምድጃው የተቀረጸው 60 ሳንቲሜትር ለሚጠጋ ምጣድ ነው፤ የሸክላ ምጣድ ግን በእጅ ስለሚሠራ ፍጹም ክብ አይሆንም። ገመድ ይዘው ምጣድዎን በሦስት አቅጣጫ ከዳር እስከ ዳር ይለኩና ገመዱን ይዘው ይሂዱ። ምጣዱ ካነሰ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ በዙሪያውም ጭስ ይተፋል። ከበለጠ ደግሞ ዳሩ ከእሳቱ ውጭ ይቀርና እንጀራው መሃሉ ሲያር ዳር ዳሩ ሊጥ ይሆናል። «ምድጃው አይጋግርም» እየተባለ ጥግ ከሚጣልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የልክ አለመገጣጠም ነው፤ በገመድ ሊቀር የሚችል ኪሳራ መሆኑ ያሳዝናል።

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ወደ ደጋ ወረዳዎች ሲጫን ክፍሎቹ በጎናቸው ይቁሙ፤ ከሥርና በመሃል በመሃላቸው ጭድ ይግባ። አጋድሞ ደራርቦ መጫን ኮረኮንች መንገድ ላይ የታችኛውን ይሰብራል። መንገዱ ሩቅ ከሆነ ቀጭኑ ምርጥ ይሻላል፤ ክብደቱም ቀለል ይላል፣ ቶሎም ይግላል።

ሲተከል ከመሬት ከፍ ያለ መደብ ይሠራለት። ወገብን ያሳርፋል፣ የሚድኸውንም ሕፃን ከእሳት ያርቃል። እርጥብ መሬት ሙቀት ስለሚጠጣ ከሥሩ ደረቅ አመድ ወይም ጠጠር ይነጠፍ። መጋጠሚያዎቹና የምጣዱ ዙሪያ የሚመረጉት በጭድ በቦካ ጭቃ ነው። በሲሚንቶ መለሰን ስሕተት ነው፤ ክፍሎቹ ሲግሉ ይለጠጣሉ፣ ሲበርዱ ይሰበሰባሉ፣ ሲሚንቶው ደግሞ አብሮ ስለማይሄድ ይሰነጠቃል፣ አንዱ ክፍል ሲሰበርም ለመቀየር አያመችም። ጭቃው በደንብ እስኪደርቅ ይጠበቅ። የመጀመሪያው እሳት በጭራሮ ብቻ ትንሽ ትንሽ ይሁን። በግድግዳው ውስጥ የቀረ ውሃ ባንዴ ከጋለ እንፋሎት ሆኖ ስለሚገፋ ምድጃው በመጀመሪያው ቀን ሊሰነጠቅ ይችላል።

ማገዶው ከምድጃው ባልተናነሰ ወሳኝ ነው። ሰሞኑን የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ብዙ ውሃ ይዟል፤ እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውሃ ሲያተን ምጣዱ አይግልም፣ ቤቱ ግን በጭስ ይሞላል። ከክረምት በፊት ተፈልጦ ከጣራ ጠርዝ ሥር ቢደረደር ሐምሌና ነሐሴ አያስቸግሩም። ቃሉና ቆቦ ላይ የማሽላ አገዳ ነው የሚነደው። አገዳ ቶሎ ብን ስለሚል የምትጋግረው ሴት ከምድጃው አፍ አትነሣም፣ ጭሱም በቀጥታ ፊቷ ላይ ነው። አገዳውን አጥብቆ አስሮ ከእንጨት ጋር ቀላቅሎ መማገድ ፋታ ይሰጣታል። አፉን ግጥም አድርጎ መሙላት ግን የትም ቦታ አይሠራም፤ አየር ያጣ እሳት ይጨሳል እንጂ አይነድም። አመዱም በየጋገራው ይጠረግ።

ስለ ጤናው ሲነሣ ነው ግምገማችን የሚከረው። መደበኛው ምርጥ ጭስ ማውጫ ቱቦ የለውም። ጭሱ ከኋላ ይወጣል፣ የሚወጣው ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ማገዶው በግማሽ ስለቀነሰ ጭሱ ቀንሷል፣ አልወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ በአየር ውስጥ የሚንሳፈፈው ደቃቅ ብናኝ በ24 ሰዓት አማካይ በሜትር ኩብ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይላል። ጉልቻ የሚነድበት ማድ ቤት ይህን በብዙ እጥፍ ያልፋል፤ ግማሹ ቢቀንስ እንኳ የቀረው ከልኩ እጅግ የራቀ ነው። ይኸው ድርጅት በቤት ውስጥ የአየር ብክለት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናትም የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ በተሰጣቸው ቤቶች በሕፃናት የታችኛው መተንፈሻ አካል ሕመም ላይ ትርጉም ያለው ቅናሽ አላገኘም። እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ የሚውለው ልጅ አሁንም ጭስ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ምድጃው ያለ ጭስ ማውጫ ተከላው አልቋል አይባል። ከቆርቆሮ የተጠቀለለ፣ ስፋቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር የሆነ ቱቦ ከኋላው መውጫ ላይ ይተከል፤ በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ ይውጣ፤ ከጣራው ጫፍ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይብለጥ። ካጠረ ነፋስ ጭሱን መልሶ ወደ ታች ይገፋዋል። በሳር ክዳን ቤት ቱቦውን በክዳኑ መሃል ማሳለፍ ቤት ማቃጠል ነው፤ በግድግዳው በኩል ወጥቶ ከሳሩ ርቆ ይቁም። ጥቀርሻው በየወሩ ካልተራገፈ ቱቦው ይደፈናል። ቱቦ ሳይኖር የድስት ማስቀመጫውን በክዳን መድፈን ደግሞ ጭሱን በፊት አፍ በኩል ይመልሰዋል፤ ድስት ባይጣድም ክፍት ይሁን። ለቱቦ አቅም ያጣ ቤት ግድግዳውና ክዳኑ በሚገናኙበት ቦታ በሁለት ተቃራኒ ጎን መስኮት ይክፈት። ደጋ ላይ ብርዱን ፈርቶ በር መዝጋት የተለመደ ስለሆነ ማድ ቤቱ ከመኝታው ቢለይ ይመረጣል።

ላቀች የከሰል ምድጃን በተመለከተ፦ ከቆርቆሮው ምድጃ ያነሰ ከሰል ይበላል፣ ጭሱም አይታይም። የማይታየው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ይገድላል። ቡና ሲፈላም ሆነ ዱዓ ሲደረግ መስኮት ይከፈት፤ ፍም ያለበት ምድጃ መኝታ ቤት አይደር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ለጤና ከሁሉም የሚበልጥ ነው። ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚስብ ግን በተራ ማከፋፈያ አይሰካ፤ የራሱ መስመር፣ ቢቻል 4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። መብራት ለሚጠፋበት ቀን ምርጡ በቦታው ቢቆይ አይጎዳም።

አቅርቦቱን በሚመለከት፣ ምድጃው በየአካባቢው በተደራጁና በሠለጠኑ አምራቾች መሠራቱ ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ሲበላሽ ሠሪው ቅርብ ነው። ቅር የሚያሰኘው አቆጣጠሩ ነው። የተሰራጨን ምድጃ ብቻ የሚቆጥር ሪፖርት ምጣዱ ይግጠም አይግጠም፣ ጉልቻው ከማድ ቤቱ ይውጣ አይውጣ አያውቅም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ለሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል፤ ይህ መብት ማድ ቤት ደጃፍ ላይ አያበቃም። ከስድስት ወር በኋላ ባለሙያ ቤት ለቤት ተመልሶ ማየት አለበት። ከምድጃው ጋርም በልኩ የሆነ ምጣድ፣ እንዲሁም ቱቦ የሚተክል ሠልጣኝ ሊቀርብ ይገባል።

ከክቡ ክፍሎች አንዱ ቢሰነጠቅ ሙሉው አይጣል። ስንጥቁ ፀጉር የሚያክል ከሆነ በጭድ በቦካ ጭቃ ይለሰን። ከተከፈለ ሠሪውን ያንን ክፍል ብቻ ከዚያው ሻጋታ ያስወጡት፤ ከሌላ ሠሪ የመጣ ክፍል ላይገጥም ይችላል። የሠሪውን ስልክ በግዢው ዕለት ይያዙ።