ለፊዚክስ ቤተ ሙከራ የሚሸጠው የእጅ ስቶፕዋች ምን ያህል ይታመናል?
ደብረ ማርቆስ ላይ ለትምህርት ቤት የሚገዛው ባለ ማንጠልጠያ ዲጂታል ስቶፕዋች ለዋጋው አይከፋም። ቁልፉ ግን አንዳንዱ ላይ በአንድ ጫና ሁለቴ ይቆጥራል፤ ከሱቅ ሳትወጡ ደጋግማችሁ ሞክሩት።

0.01 ሰከንድ ማሳየቱ አያታላችሁ፤ የሰው ጣት ወደ 0.2 ሰከንድ ይዘገያል። መነሻና መድረሻ ላይ እኩል ከዘገየ ይጣፋል፤ ጣጣው ሳይመጣጠን ሲቀር ነው። በእኩል ፍጥነት የሚሄድ ጋሪ 2 ሜትር በ4 ሰከንድ ቢጨርስ ፍጥነቱ 0.5 ሜትር በሰከንድ ነው። 1 ሜትሩ ላይ ላፕ (ሰዓቱ ሳይቆም የመሃሉን ጊዜ የሚመዘግበውን ቁልፍ) ስትጫኑ 0.2 ሰከንድ ብትዘገዩ ግን የመጀመሪያው ግማሽ 0.45፣ ሁለተኛው 0.56 ይወጣል። አማካዩ አልተነካም፤ ዜሮ መሆን የነበረበት ፍጥንጥነት (ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) ግን 0.05 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሆኖ ቁጭ! ተማሪውም «ጋሪው እየፈጠነ ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ምን ያድርግ?

ለአማካይ ፍጥነት ይበቃል፤ መንገዱን ወደ 4 ሜትር ብታስረዝሙት የ0.2 ሰከንዱ ስህተት ከ5 ወደ 2.5 በመቶ ይወርዳል። ለፍጥንጥነት ግን አልመክረውም። ከጋሪው ጎን ሜትር ዘርግቶ በስልክ መቅረጽ ይሻላል፦ በሰከንድ 30 ምስል የሚቀርጽ ካሜራ በየ0.033 ሰከንዱ ቦታውን ያሳያል።