ለስኳር ሕመምተኛ ቁስል፦ የሚጠጣ የዓሣ ኮላጅን፣ የኮላጅን መሸፈኛ ወይስ የዓሣ ቆዳ?

ኮላጅን ቆዳን የሚያጠነክር ፕሮቲን ነው፤ «የዓሣ ኮላጅን ለቁስል» ተብለው የሚሸጡት ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ ይጠጣል፣ አንዱ ቁስል ላይ ይደረጋል፣ ሦስተኛውን የሚያስቀምጠው ባለሙያ ብቻ ነው።

የሚጠጣው ዱቄት ከዓሣ ቆዳና ቅርፊት የወጣ፣ በኢንዛይም የተቆራረጠ ኮላጅን ነው። አንጀት ውስጥ ይፈጫል፤ ከፊሉ በጥቃቅን ፔፕታይድነት (አጫጭር የፕሮቲን ቁርጥራጭ ሆኖ) ወደ ደም ይገባል እንጂ ተነሥቶ ቁስሉ ላይ የሚለጠፍ ኮላጅን የለም። የተለመደው መጠን በቀን ከ5 እስከ 15 ግራም ነው። ከከብት የሚሠራውም በዋናነት ያው ዓይነት 1 ኮላጅን ስለሆነ፣ ለቁስል ብሎ ለዓሣው ብዙ መጨመር አያስፈልግም። ዓሣ አለርጂ የሆነበት ሰው ግን አይንካው። ኮላጅን ትሪፕቶፋን የሚባለው አሚኖ አሲድ ስለሌለው እንቁላልን፣ ወተትን ወይም ጥራጥሬን አይተካም። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሲገዙ በአንድ መጠጫ ስንት ግራም ፔፕታይድ እንዳለ ያንብቡ። በፈሳሽና በሚታኘክ መልክ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ፔፕታይዱ ትንሽ ነው፤ ስኳርም ሊኖረው ይችላል። ጄላቲን በፔፕታይድ ስም እንዳይሸጥብዎት 10 ግራም በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ያማስሉ። ፔፕታይድ ይሟሟል፤ ጄላቲን ግን አብጦ ይጓጉላል። ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ ፈጽሞ አይገባም፤ ለምግብ የተሠራ እንጂ ከጀርም የጸዳ አይደለም።

የኮላጅን መሸፈኛው ሐሳብ ሌላ ነው፦ በቆየ ቁስል ውስጥ የበዙት ኮላጅን የሚበሉ ኢንዛይሞች በመሸፈኛው እንዲጠመዱ። ደረቅ ቁስል ላይ ከሆነ በንጹሕ የጨው ውኃ መራስ አለበት፤ የሞተ ሥጋ ሳይጠረግ ቢደረግ ዋጋ የለውም። የስኳር እግርን የሚያጠናው ዓለም አቀፍ የሥራ ቡድን በ2023 መመሪያው፣ ቁስል ለማዳን ተብሎ ይህ መሸፈኛም ሆነ የፕሮቲን ተጨማሪ እንዳይሰጥ ይመክራል።

ጠንከር ያለ ማስረጃ ያለው ሦስተኛው፣ ከኮድ ዓሣ የሚዘጋጀው ሕዋስ አልባ (ሕዋሱ የተወገደለት) ቆዳ ነው። በአውሮፓ ጥልቅ የእግር ቁስል ባላቸው 255 ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት ይህ ቆዳ ከተደረገላቸው በ16ኛው ሳምንት 44 በመቶው ድነዋል፤ በመደበኛ ሕክምና ብቻ ከታከሙት የዳኑት ግን 26 በመቶ ነበሩ። ግን ይህም የሚሠራው ቁስሉ ከተጠረገ፣ የእግሩ ደም ዝውውር በቂ ከሆነና እግሩ ከጫና ካረፈ በኋላ ነው።

ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ውስጥ እግር ላይ ላለ ቁስል ዱቄቱን ትተው እግሩን ከጫና የሚያሳርፈውን ጫማ ወይም ጀሶ ይምረጡ። ቅላቱ ከቁስሉ ዳር 2 ሴንቲሜትር ካለፈ ወይም ትኩሳት ከመጣ ደግሞ፣ የትኛውንም ሳይገዙ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።