የምታሳትሙት ጽሑፍ ካለ የፎቶኮፒ ቤቷ ልጅ ጋ ውሰዱ

ሰላም የቱሉ ዲምቱ ሰዎች። ይቺን ምስጋና መጻፍ ከነበረብኝ ሳምንት አለፈኝ። መብራት ሲመጣ ሲሄድ ዛሬ ደረሰች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ተሰብስበን የምንጽፍ ሰዎች አዳዲስ አጫጭር ልቦለዶች የያዘች ትንሽ መጽሔት አውጥተናል። የአምናዋ መሃል ከተማ ነበር የታተመችው፣ አሳፈረችን። ግማሻችን በድሮው የግዕዝ ፎንት ግማሻችን በስልክ ስለጻፍን፣ ማተሚያ ቤቱ ሳያይ አትሞት ሁለት ታሪክ እንዳለ የላቲን ፊደልና የምልክት መዓት ሆኖ ወጣ። ገንዘባችንም አልተመለሰም። ይለፍ።

ዘንድሮ አደባባዩ አጠገብ ወዳለችው የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶኮፒ ቤት ሄድን። ልጅቷ (ስሜን እንዳትጽፉ ብላለች) ሁሉንም ወደ ዩኒኮድ (ስልክም ኮምፒውተርም እኩል ወደሚያነበው የፊደል አሠራር) ቀየረችው፣ እምቢ ያለውን ቁጭ ብላ ደግማ ጻፈችው። ከዚያ ደግሞ ታነባለች! አንድ ቀን ደውላ «ይሄ ጋሽ ታደሰ ገጽ 3 ላይ ተቀብረው የለም እንዴ? ገጽ 11 ላይ እንዴት ቡና ይጠጣሉ?» አለችኝ። ደራሲው ለሁለት ሰው አንድ ስም ሰጥቶ ኖሯል። ስምንት ሆነን አንብበነው ማናችንም አላየንም።

ትልቁ ውለታዋ ግን ሌላ ነው። ታጥፎ መሃሉን በስቴፕለር የሚመታ መጽሔት ገጹ ለ4 መካፈል አለበት፣ አንድ ኤፎር ሲታጠፍ 4 ገጽ ስለሆነ። የእኛ 42 ነበር። «ወይ 2 ጨምሩ ወይ 2 ቀንሱ፣ ባዶ ወረቀት አልሸጥላችሁም» አለች። ተሯሩጠን ከአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አንድ ታሪክ አመጣን። ድሮ ጤፍ ይወቃበት የነበረ አውድማ ላይ በተሠራ ፎቅ የሚኖሩ አያት ናቸው። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ባዶ ሰፌዳቸውን ይዘው በረንዳ ይወጣሉ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። እኔ አራት ጊዜ አነበብኩት። የራሴን ጨምሮ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል፣ ቅር ያለው ይበለው።

መጽሔቷ እዚያው ባንኮኒው ላይ አለች፣ ከመጨረሻው ታሪክ ጀምሩ። መመረቂያ ጽሑፍም፣ የዕድር ደንብም፣ የሠርግ ካርድም ያላችሁ ሂዱ፣ ታምራላችሁ። ፍላሻችሁን ግን ቫይረሱን አጥፍታችሁ ውሰዱ። እኔን በሰው ፊት ተቆጥታኛለች።