ቬክተር 2022፦ የውክፔዲያ የኮምፒውተር ገጽታ ሲገመገም

የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 2023 በኮምፒውተር ለሚያነቡት ሰዎች የሚያሳየውን ገጽታ ለወጠ። ከ2010 ጀምሮ ሲያገለግል የቆየው ቬክተር የተባለው ንድፍ፣ ቬክተር 2022 ለተባለው ተተኪው ቦታውን ለቀቀ። ለውጡ የስልኩን ገጽታ ስላልነካ ብዙ የአገራችን አንባቢዎች ልብ ያሉት አይመስለኝም፤ ረጃጅም ጽሑፎችን በላፕቶፕ ለሚያነብ ሰው ግን ልዩነቱ ገና ገጹ ሲከፈት ይታያል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊመሰገን የሚገባው ዕቅዱ ነው። ውክፔዲያን የሚያስተዳድረው ድርጅት ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ሥራውን የጀመረው በ2019 ሲሆን፣ ገጹን አፍርሶ እንደ አዲስ ከመሥራት ይልቅ ክፍሎቹን አንድ በአንድ እየለወጠ፣ እያንዳንዱንም ለውጥ ፈቃደኛ በሆኑ ማኅበረሰቦች ዘንድ እየሞከረ መሄድን መረጠ። የፈረንሳይኛ፣ የዕብራይስጥና የፋርስኛ ውክፔዲያዎች ከቀዳሚዎቹ ሞካሪዎች መካከል ነበሩ። ከእነዚህ ሁለቱ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበቡ በመሆናቸው፣ ንድፉ ለአንድ አቅጣጫ ብቻ ተሠርቶ በኋላ የሚጠገን እንዳይሆን ረድተዋል ብዬ እገምታለሁ። ግዙፉና በአዘጋጆቹ ክርክር የሚታወቀው የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ተራው የደረሰው አብዛኞቹ ሌሎች ቋንቋዎች አዲሱን ገጽታ ከያዙ በኋላ ነው። ድረ ገጻቸውን የሚያሳድሱ ብዙ ድርጅቶች የሚያደርጉት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ለወራት በር ዘግተው ይሠሩና በምረቃው ዕለት አሮጌውን ነቅለው አዲሱን ይተክላሉ፣ ደንበኛውም ትናንት ያስቀመጠውን አድራሻ ሲጫን «ገጹ አልተገኘም» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። በውክፔዲያ ግን ገጽታው ሲለወጥ የጽሑፎቹ አድራሻ እንደነበረ ቀጥሏል።

በአጠቃቀም ረገድ ትልቁ ትርፍ ማውጫው ነው። ቀድሞ ከመግቢያው አንቀጽ በታች ተቀምጦ፣ አንባቢው ወደ ታች በወረደ ቁጥር ከዓይን ይጠፋ ነበር፤ አሁን በግራ በኩል ቆሞ አብሮ ይከተላል፣ የትኛው ክፍል እየተነበበ እንደሆነም ያመለክታል። እንደ ዓድዋ ጦርነት ያለ ብዙ ንዑስ ርዕስ ያለው ጽሑፍ ለሚያነብ ሰው፣ ከጦርነቱ መንስኤ ወደ ውጤቱ ለመሻገር ተመልሶ ወደ ላይ መውጣት ቀርቷል። የፍለጋው ሳጥንም እንዲሁ ተሻሽሏል። ስሙ እየተጻፈ ሳለ ከሥሩ ሥዕልና አጭር መግለጫ ስለሚያሳይ፣ ላሊበላ ብሎ የጀመረ ሰው ከተማውን ከንጉሡ ለመለየት ገጾቹን መክፈት አያስፈልገውም። ፋውንዴሽኑ በሙከራው ወቅት ይህ ሳጥን የፍለጋውን መጠን በ30 በመቶ እንዳሳደገ አስታውቋል። በአማርኛው ውክፔዲያ ላይ ጥቅሙ ያን ያህል አይታይም፤ መግለጫዎቹ የሚመጡት የውክፔዲያ እህት ከሆነው የመረጃ ቋት ከዊኪዳታ በመሆኑ፣ ማንም በአማርኛ ያልጻፈላቸው ርዕሶች ባዶ ሆነው ይቀርባሉ። ይህ የንድፉ ጥፋት አይደለም።

የቋንቋዎቹ ዝርዝር ከግራው ጎን ተነሥቶ ከርዕሱ አጠገብ ባለ አንድ ቁልፍ ውስጥ ገብቷል። ቁልፉ ጽሑፉ በስንት ቋንቋ እንደሚገኝ በቁጥር ይናገራል፤ ሲከፈትም የቋንቋውን ስም በፊደላችንም ሆነ በእንግሊዝኛ ጽፎ መፈለግ ይቻላል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ደጋግሞ ለሚመላለስ ሰው ቦታው ተስማሚ ነው። ይሁን እንጂ በቀድሞው ገጽታ «አማርኛ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ በጎን ተጽፎ ይታይ ስለነበር፣ የአማርኛ ጽሑፍ መኖሩን የማያውቀው አንባቢ እንኳ በአጋጣሚ ያገኘው ነበር። አሁን የሚያገኘው የሚፈልገው ሰው ብቻ ነው፤ ለትንንሽ ቋንቋዎች ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ብዙ ቁጣ ያስነሣው የጽሑፉ ስፋት ነው። አዲሱ ገጽታ ዋናውን ጽሑፍ በ960 ፒክስል ይገድበዋል፤ በሰፊ ማያ ላይ ግራና ቀኙ ነጭ ሜዳ ይሆናል። ምክንያቱ ትክክል ነው፤ መስመር ሲረዝም ዓይን ወደ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ሲመለስ ይስታል። ሰፋፊ ሠንጠረዦች ላይ ግን ይኸው ገደብ መጨናነቅን ያመጣል፤ የኦሊምፒክ ውጤቶችን በግማሽ ባዶ ማያ ላይ ወደ ጎን እየጎተቱ ማየት ያናድዳል። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ አዘጋጆች በ2022 በጉዳዩ ተከፋፍለው ከተከራከሩ በኋላ፣ ገደቡን የሚያነሣ ቁልፍ ለሁሉም እንዲታይ ጠይቀው ነበር። ቁልፉ ተሰጠ፤ ነገር ግን አካውንት የሌለው አንባቢ ምርጫው ወደ ሌላ ጽሑፍ ሲያልፍ ይሰረዝበት ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ አንባቢ ገጹ የሚቀርበው ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ አስቀድሞ ከተቀመጠ ቅጂ በመሆኑ፣ የግል ምርጫን ማስታወስ ተጨማሪ ሥራ ይጠይቃል። ይህ ችግር በኋላ ተስተካክሏል። ያም ሆኖ ከምረቃው በፊት ማለቅ የነበረበት ሥራ ነበር፤ አሮጌው ይመለስ በሚል በተከፈተው ውይይት ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ አዘጋጆች የተሰለፉት ያለ ምክንያት አይደለም። ለመመለስ የሚያበቃ ስምምነት ግን አልተገኘም።

ለእኛ ፊደል ዋናው ማሻሻያ ዘግይቶ በ2024 መጣ፤ ይኸውም የፊደሉን መጠን በሦስት ደረጃ ለመምረጥና ጥቁር መደብ ለማብራት የሚያስችለው ዝርዝር ነው። የቀድሞው 14 ፒክስል ለላቲን ፊደል ይበቃ ይሆናል፤ «ቢ»ን ከ«ቤ» የምትለየው ትንሽ ቀለበት ግን በዚያ መጠን ትደበዝዛለች፣ በርካሽ ማያ ላይማ ጨርሳ ትጠፋለች። ከነጭ ሜዳው ይልቅ ይህ ቢቀድም ኖሮ ብዙ ወዳጅ ያፈራ ነበር። አካውንት ላላቸው ሰዎች ከላይ የተደረደሩት ጽሑፍ አልባ ምልክቶችም እስኪለመዱ ድረስ ግራ ያጋባሉ።

በላፕቶፕ ለሚያነብ ሰው አዲሱን ገጽታ እመክራለሁ፤ የፊደሉን መጠን ከመካከለኛው በታች አያድርግ፣ ሠንጠረዥ ሲያጋጥመው ደግሞ ስፋቱን ይልቀቀው። የማይስማማው ሰው አካውንት ከፍቶ ከምርጫዎቹ ገጽ የ2010ሩን ቬክተር መመለስ ይችላል፤ በ2004 የወጣው ሞኖቡክ የተባለው ከዚያም የቀደመ ገጽታ እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ።