ጨው፣ መስታወትና ብዕር፦ ኢንፍራኮርድ 137ን በቅርብ ከሚያውቀው ሰው

ባለፈው ሰኔ ላቦራቶሪውን ስናጸዳ አንድ የምረቃ ዓመት ተማሪ ጥግ ላይ ያለውን ከባድ ሳጥን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ጋሼ፣ ይህ ብረት መቼ ነው የሚወገደው?» አለኝ። ከሃያ ዓመት በላይ አብሬው የሠራሁት መሣሪያ ስለሆነ ጥያቄው ቅር አሰኘኝ። ሆኖም ልጁ አልተሳሳተም፤ ምን እንደሚሠራ ማንም አሳይቶት አያውቅም።

ብረት የተባለው የአሜሪካው ፐርኪን-ኤልመር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ለገበያ ያቀረበው ኢንፍራኮርድ 137 ነው። የናሙናውን የኢንፍራሬድ ስፔክትረም፣ ማለትም ናሙናው በዓይን ከማይታየው የሙቀት ጨረር በየትኛው የሞገድ ርዝመት ምን ያህል እንደሚውጥ የሚያሳየውን መሥመር፣ በራሱ ብዕር ወረቀት ላይ እየሣለ የሚያወጣ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ስፔክትሮፎቶሜትር ነው። ወረቀቱ በሲሊንደር ላይ ይጠመጠማል። ሲሊንደሩ ሲዞር ብዕሩ ከ2.5 እስከ 15 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺኛ ነው) ያለውን የሞገድ ርዝመት ሁሉ በ12 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል።

አሠራሩን ሳስረዳ ሁልጊዜ የምጀምረው ከገበያ ሚዛን ነው። በኤሌክትሪክ ከጋለ ምንጭ የሚወጣው ጨረር ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በናሙናው ውስጥ ያልፋል፣ ሌላው በባዶው መንገድ ይሄዳል። የሚሽከረከር ግማሽ መስታወት ሁለቱን በየተራ ወደ አንድ ቀዳዳ ይልካቸዋል። ከዚያ የጨው ፕሪዝሙ በሞገድ ርዝመት ይለያያቸዋል፤ መጨረሻ ላይ ሙቀት የሚለካ ጥቃቅን ቴርሞካፕል ይጠብቃቸዋል። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ቴርሞካፕሉ የሚቀያየር ነገር አያይምና ዝም ይላል። ናሙናው ከጨረሩ ጥቂት ከዋጠ ግን አንዱ ደካማ፣ ሌላው ብርቱ ሆነው ሲፈራረቁ ምት ይፈጠራል። ይህ ምት ጎልቶ አንድ ሞተር ያንቀሳቅሳል፤ ሞተሩም እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው መጋረጃ በባዶው መንገድ ላይ እየገፋ ያስገባል፣ ሁለቱ እስኪተካከሉ ድረስ። ነጋዴ በሌላኛው ሳህን ላይ ድንጋይ እንደሚጨምር ማለት ነው። ብዕሩ የታሰረው ከዚሁ መጋረጃ ጋር ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የምናየው መሥመር መጋረጃው ምን ያህል እንደገባ የሚናገር ነው። በክፍሉ አየር ውስጥ ያለው የውሃ እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሁለቱም መንገድ ስላለ እርስ በርሱ ይጣፋል። ይህን ያሰበው ሰው ሊመሰገን ይገባዋል።

ለልጁ በቃል ከማስረዳት ላሳየው ወሰንሁ። መጀመሪያ ሸለቆዎቹ፣ ማለትም ብዕሩ የሚወርድባቸው ቦታዎች፣ አስቀድመው የሚታወቁትን የፖሊስቲሪን ፕላስቲክ ፊልም አስገባን። 6.24 ማይክሮን ላይ ያለው ስለታም ሸለቆ ከቦታው ሳይዛነፍ ሲወጣ መሣሪያው ገና አለ ማለት ነው። ቀጥሎ መሳቢያ ውስጥ የቆየ፣ ጠርሙሱ ሲከፈት ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸት አስፕሪን ወሰድሁ። በትንሽ ሙቀጫ ከፓራፊን ዘይት ጋር ፈጭቼ በሁለት የጨው ሳህኖች መካከል ለጠፍሁት። 3.4 ላይ ብዕሩ ገደል ገባ፤ «ይህ ዘይቱ ነው፣ አትደንግጥ» አልሁት። ከዚያ ወደ 5.7 ስንጠጋ ሁለታችንም ጎንበስ አልን። ጤነኛ አስፕሪን ቢሆን ብዕሩ እዚህ ጠልቆ ይወርዳል፣ ይመለሳል፣ 5.9 ላይ ደግሞ እንደገና ይወርዳል። የእኛው 5.7 ላይ እንደ ደከመው ሰው ጥቂት ብቻ ዝቅ ብሎ ተመለሰ፤ 6 አካባቢ ግን ሰፊ ሆኖ ተንሰራፋ። አስፕሪኑ እርጥበት አግኝቶ ወደ ሳሊሲሊክ አሲድና ወደ ሆምጣጤ አሲድ ተፈራርሷል። አፍንጫችን ቀድሞ የነገረንን ብዕሩ በወረቀት አጸደቀው።

አሁን ወደ ችግሩ። የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ጠላት እርጥበት ነው፤ ፕሪዝሙም ሳህኖቹም ከገበታ ጨው ጋር አንድ የሆነ ሶዲየም ክሎራይድ ናቸው፣ ተወልውሎ መስታወት የመሰለ አሞሌ በሉት። ክረምት በመጣ ቁጥር እኔ አልተኛም። መሣሪያው ሙቀቱ እንዳይጠፋ ሌሊቱን ሙሉ እንዲበራ አደርጋለሁ፤ እርጥበት የሚመጥጠው ሰማያዊው ሲሊካ ጄል ወደ ሮዝ ሲለወጥ አውጥቼ ምድጃ ውስጥ አደርቀዋለሁ። አንድ ዓመት ንጹሕ ልብ ያላት ተማሪ ሳህኖቹን «ቆሽሸዋል» ብላ በቧንቧ ውሃ አጠበቻቸው። እስክደርስ ድረስ ሁለቱም ሻይ ውስጥ እንደ ወደቀ ስኳር ሳስተው ነበር። መቆጣት አልቻልሁም፤ ጨው መሆናቸውን አልነገርኋትም ነበርና ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሌላም አለ። ናሙናው ወፍሮ ጨረሩን ሙሉ በሙሉ ከዋጠ መጋረጃውም ባዶውን መንገድ ዘግቶ ይጨርሳል፤ ሁለቱም መንገድ ጨለማ ሲሆን ሚዛኑ የሚመዝነው ያጣል፣ ብዕሩም ደንዝዞ ይቆማል ወይም ያለ ምክንያት ይንከራተታል። ስለዚህ የሸለቆውን ወለል አትመኑት፤ ናሙናውን አቅጥናችሁ ድገሙ። 3 ማይክሮን አካባቢ ደግሞ የጨው ፕሪዝም ጨረሩን በደንብ ስለማይበትን ተቀራራቢ ሸለቆዎች ይደባለቃሉ።

የዛሬዎቹ የፉሪየር መሣሪያዎች፣ ሁሉንም ሞገድ በአንድ ጊዜ ለክተው ስፔክትረሙን በኮምፒውተር የሚያሰሉት፣ ይህን ሁሉ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል፤ ናሙናውን አልማዝ ላይ መጫን ብቻ ነው፣ የጨው ጣጣ የለም። ለዕለት ሥራ፣ በተለይ ለመድኃኒት ጥራት ቁጥጥር፣ እኔም ያለ ማመንታት እነርሱን እመርጣለሁ። ለማስተማር ግን አሮጌው ይበልጣል። አዲሱ ውስጥ የሚሆነውን ተማሪው አያየውም፤ ስፔክትረሙ ተጠናቅቆ ስክሪኑ ላይ ዱብ ይላል።

መለዋወጫ ማግኘት ራስ ምታት ነው። አንድ አስመጪ ወራት አስጠብቆን ያመጣው ብዕር ከመያዣው ወፍሮ ተገኘ። አሁን የተራ እስክሪብቶ ቀፎ ቆርጬ፣ በፕላስተር ጠቅልዬ እጠቀማለሁ፤ መሥመሩ ትንሽ ይወፍራል፣ ግን ይነበባል።

ከአንድ ቦታ እንዲህ ያለ መሣሪያ በስጦታም ሆነ በሽያጭ ከቀረበላችሁ ከመሸከማችሁ በፊት አብሩት፣ እስኪሞቅም ጠብቁ። ከዚያ ወፍራም ወረቀት በናሙናው መንገድ ላይ ቀስ ብላችሁ አስገቡ፣ መልሳችሁ አውጡ። ብዕሩ ተከትሎ ወርዶ ያለ መንቀጥቀጥ ወደ ቦታው ከተመለሰ ውሰዱት። ከተንቀጠቀጠ የማጉያው ቁልፍ ከልክ በላይ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት መቀነስ ነው። እየጎተተና እየዘገየ ከሄደ፣ ማጉያውን ብትጨምሩም ካልነቃ፣ ቴርሞካፕሉ ደክሟል ወይም ፕሪዝሙ ጉም ለብሷል፤ ሻዩን ጠጥታችሁ፣ አመስግናችሁ ባዶ እጃችሁን ተመለሱ።