ያሪስ 1.5 ከስምንት ወር በኋላ፦ 11 ሚሊ ሜትር ለእንጦጦ ዳገት

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እማዬንና ሁለት ጎረቤቶቿን ጸበል አደርሳለሁ፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት። በድሮዋ ቶዮታ ያሪስ፣ ባለ 1.3 ሊትር ሞተሯ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው ዳገት ፈተናዬ ነበር። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ታቃስትና ልትጠፋ ስትል ወደ አንደኛ እመልሳለሁ፣ ከኋላ ሚኒባሱ ክላክሱን ያንባርቃል፣ እማዬ ደግሞ «ልውረድላችሁ እንዴ?» ትላለች። ወደ 1.5 ማንዋል ከዞርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ያንኑ ዳገት፣ ያንኑ ሰው ጭኜ፣ በሁለተኛ እወጣዋለሁ። ኤሲም አላጠፋም። ስለ ወንበሩና ስለ ሬዲዮው ሌላ ሰው ይጻፍ፣ እኔ የምጽፈው ስለ ዳገቱ ነው።

ደላላው ምን አለኝ መሰላችሁ? «ያው ሞተር ነው፣ 200 ሲሲ ምን ይጨምራል? ቤንዚን መብላት ብቻ።» ያው ሞተር ነው ያለው ግማሽ እውነት ነው። ሁለቱም የቶዮታ ኤንዜድ ቤተሰብ ናቸው፣ የሲሊንደራቸውም ስፋት እኩል 75 ሚሊ ሜትር ነው። የሚለያዩት በስትሮኩ ነው፣ ማለትም ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ በሚጓዘው ርቀት። የ1.3ቱ 73.5፣ የ1.5ቱ 84.7 ሚሊ ሜትር። ልዩነቱ የትንሿ ጣት ጥፍር ስፋት ቢሆን ነው! ግን በአራት ሲሊንደር ሲባዛ 1,298 የነበረውን ሲሲ 1,497 ያደርገዋል።

ጉልበቱም ከዚያው ነው የሚመጣው። ስፋቱ አንድ ስለሆነ እሳቱ ፒስተኑን የሚገፋበት ኃይል ብዙ አይለያይም። የክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኑ የሚያዞረው፣ ጋራዥ ኮሎ የሚሉት ዘንግ፣ ክንዱ ግን ረዝሟል። የጠበቀ ብሎን በረጅም መፍቻ የፈታ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ስትሮኩ 15 በመቶ ጨመረ፣ ቶርኩም፣ ማለትም የማዞር ጉልበቱ፣ ከ120 ኒውተን ሜትር ገደማ ወደ 140 ገደማ ወጣ። አቶ ደላላ፣ ካልኩሌተር ላውስህ?

ደግሞ ሸገር ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ሳስቷል፣ ቱርቦ (አየር አፍኖ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከሚስበው አየር ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። ዱባይ ላይ 1.3 የነበረችው እዚህ ስትደርስ አንድ ሊትር እንኳ በቅጡ አትሞላም። የእኔዋ 1.1 ገደማ ትሆናለች። እንጦጦ ላይማ ይብሳል። እዚህ ከተማ ውስጥ እያንዳንዷ ሚሊ ሜትር ዋጋ አላት የምለው ለዚህ ነው።

ቤንዚኑ? በድሮዋ በሊትር 13 ኪሎ ሜትር እሄድ ነበር፣ አሁን 12 ተኩል። ያቺን ሁልጊዜ እስከ ወለሉ ስለምረግጣት ቆጣቢነቷ ወረቀት ላይ ቀርቶ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ይሄን ሰምቶ «እኔም 1.3ዬ ላይ የ1.5ን ኮሎ አስገብቼ ልገላገል» አለኝ። ወንድሜ፣ ተው! ስትሮክ በ11.2 ሲጨምር ፒስተኑ 5.6 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ፣ ያንኑ ያህል ወደ ታች ነው የሚጨምረው። ፒስተኑና ቢዬላው፣ ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ዘንግ፣ አብረው ካልተስተካከሉ ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ቴስታታውን፣ የሲሊንደሩን ክዳን፣ ይመታል። ሙሉ ሞተር ቀይር ወይ ደግሞ በአንደኛ ማርሽህ ኑር።

ቅሬታ የለኝም አልልም። የሞተሯ ዙር ሲበዛ ትጮሃለች። በደቂቃ 6,000 ዙር ላይ ፒስተኑ በአማካይ በሴኮንድ 17 ሜትር ገደማ ይሮጣል፣ የ1.3ቱ ግን 14.7 ነው። ያቺ ስትዞር ደስ እያላት ነበር፣ ይቺ ስትዞር ትነጫነጫለች። የአዳማን ፍጥነት መንገድ ጠዋት ማታ የምትመላለሱ ከሆነ ይሄን አስቡበት። እኔ ግን ከ4,000 በላይ የምወጣበት ጉዳይም የለኝ።

እማዬ ብቻ እስካሁን አላመነችም። ዳገቱ ሥር ስንደርስ የበሩን እጀታ ጨበጥ ታደርጋለች፣ ምናልባት መውረድ ካስፈለገ ብላ።